ከመፈረማችሁ በፊት ወረቀቱን አሳዩን!

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። ቡናችሁን ቅዱና አብረን እንዝለቀው፤ ጉዳዩ የሁላችንንም ኪስ የሚነካ ነው።

የእህቴ ልጅ በአንድ የኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የሸሚዝ ኮሌታ ትሰፋ ነበር። ኮሌታ ብቻ። እጅጌውን ሌላዋ፣ ቁልፉን ሌላዋ። ደመወዟ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ግን ከገጠር ወጥታ በራሷ ላብ የበላችው የመጀመሪያው እንጀራ እሱ ነበር። እ.ኤ.አ. 2022 በገባ በጥቂት ወራት ውስጥ «ትእዛዝ ቀንሷል» ተባለችና ወደ ቤቷ ተሸኘች። የዚያን ዕለት ማታ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ እኔ ምን አጠፋሁ?» አለችኝ።

ምንም አላጠፋሽም ከማለት ሌላ መልስ አልነበረኝም። ዛሬ ግን ያልመለስኩላትን ልመልስ ነው።

መልሱ የሚጀምረው ከዋሽንግተን ነው። አግዋ የሚባለውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። ብዙ ሰው አግዋን የንግድ ስምምነት ይመስለዋል። አይደለም! አግዋ እ.ኤ.አ. በ2000 የአሜሪካ ኮንግረስ ለራሱ ያወጣው ሕግ ነው። እኛ አልተደራደርንበትም፣ አልፈረምንበትም። ከአፍሪካ የሚመጣ ዕቃ ያለ ቀረጥ ይግባ ይላል፤ ማን ይገባዋል፣ ማን አይገባውም የሚለውን ግን የሚወስኑት የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ናቸው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ኢትዮጵያ፣ ማሊና ጊኒ ከዝርዝሩ ተሰረዙ። በእኛ ላይ የቀረበው ምክንያት በሰሜኑ ጦርነት የተፈጸመው የሰብዓዊ መብት ጥሰት ነበር። በጦርነቱ ግፍ መፈጸሙን ልክድ አልተነሳሁም፤ የሞተውን ሁሉ ነፍስ ይማር። ግን ፍርዱ ያረፈው ማን ላይ ነው? ትእዛዝ በሰጠው ላይ ሳይሆን ኮሌታ በምትሰፋው ልጅ ላይ ነው። አቤት የምትልበት ችሎትም አልነበራትም፤ አገሯም አልነበራትም። ስጦታ ነዋ! ስጦታ ሲወሰድ ማን ይከሰሳል?

ሩዋንዳም ይህን ቀምሳዋለች። እ.ኤ.አ. በ2016 የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አገሮች ልባሽ ጨርቅን ቀስ በቀስ እናስቀር፣ የራሳችንን ጨርቅ ሸምነን እንልበስ ብለው ተስማሙ። አሜሪካ ውስጥ ልባሽ የሚነግዱ ሰዎች ለመንግሥታቸው አቤት አሉ። «አግዋን ትፈልጋላችሁ ወይስ ልባሹን ታስቀራላችሁ?» የሚል ምርጫ መጣ። ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ አፈገፈጉ። ሩዋንዳ በቀረጧ ጸናች፤ በ2018 የልብስ ተጠቃሚነቷ ታገደ። አንድ አገር ዜጎቿ የሌላውን አሮጌ ሱሪ ባይለብሱ ብላ መወሰኗ እንኳ ዋጋ አስከፈላት ማለት ነው።

ይህን ያነሳሁት አሜሪካን ለመርገም አይደለም። አሁን አገራችን የምታንኳኳውን ትልቅ በር በትክክል እንድናየው ነው።

* * *

ሁለት ጎራ፣ አንድ ጨለማ

ኢትዮጵያ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ያመለከተችው እ.ኤ.አ. በ2003 መጀመሪያ ነው። ያኔ የተወለደ ልጅ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሥራ ይፈልጋል። የድርድሩ የሥራ ቡድን አራተኛ ስብሰባውን በጃንዋሪ 2020 አደረገ፤ አምስተኛው በማርች 2025 ተከተለ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ሩጫ ሆነ። በማርች 2026 ካሜሩን፣ ያውንዴ ለሚደረገው የሚኒስትሮች ጉባኤ እናደርሰዋለን ሲባል ሰማን። ከ166 አባል አገሮች ውጭ ከቀሩት ውስጥ በሕዝብ ብዛት ትልቋ እኛ ነን።

በዚህ ጉዳይ ላይ የሚከራከረው ሰው በሁለት ጎራ ተከፍሏል። አንደኛው «መግባት ማለት አገር መሸጥ ነው፣ ሉዓላዊነታችን አለቀለት» ይላል። ሁለተኛው «መግባት ማለት ሥልጣኔ ነው፣ የሚቃወም ኋላ ቀር ነው» ይላል። ሁለቱን አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ። ሁለቱም ወረቀቱን አላነበቡትም። ሊያነቡትም አይችሉም፤ አልታየማ!

የእኔ አቋም ከሁለቱም ይለያል። አስቀድሜ ልናገረውና ልገላገል፦ ሉዓላዊነት ማለት አለመፈረም አይደለም። ሉዓላዊነት ማለት የሚፈርሙትን አውቆ፣ ባለቤቱን አማክሮ፣ ሲያስፈልግም «ይህን አልፈርምም» ብሎ መነሣት መቻል ነው። የእኛን ሉዓላዊነት የሚያሰጋው ጄኔቫ አይደለም። የሚያሰጋው አዲስ አበባ ላይ የተዘጋው በር ነው።

«አንፈርም» ለሚለው ወገኔ አንድ ጥያቄ አለኝ። ሳንፈርም ምን ያህል ነፃ ሆንን? የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ሳንሆን አይደለም እንዴ በጁላይ 2024 ብር ለገበያ የተለቀቀው? ከአይኤምኤፍ ጋር የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ፕሮግራም ተፈርሞ የለም እንዴ? ባንክ ለውጭ ባለሀብት የተፈቀደው፣ የጅምላና የችርቻሮ ንግድ በር የተከፈተው ሁሉ አባል ሳንሆን ነው። የእህቴ ልጅ ሥራዋን ያጣችውም አባል ሳንሆን ነው። ያለ ውል የሚኖር ደካማ፣ በጉልበተኛው በጎ ፈቃድ ይኖራል። ውል ቢያንስ የምትጠቅሰው አንቀጽ ይሰጥሃል።

«እንፈርም» ለሚለውም ወገኔ እንዲሁ። አባልነት ጋሻ ነው ካልከኝ ሌሶቶን እይ። ድርጅቱ ሥራ ከጀመረበት ከ1995 ጀምሮ አባል ናት። በኤፕሪል 2025 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት 50 በመቶ ታሪፍ ሲያውጁባት አባልነቷ ምን አደረገላት? የድርጅቱ ይግባኝ ሰሚ አካል ከዲሴምበር 2019 ጀምሮ ዳኛ አጥቶ ሥራ አቁሟል፤ አዲስ ዳኛ እንዳይሾም ያገደችውም ያችው አሜሪካ ናት። ስለዚህ «ግቡና ትድናላችሁ» የሚለው ስብከት ቀላል አይደለም። የሚከፈለውንና የሚገኘውን በሚዛን ማየት አለብን። ሚዛኑ ላይ የሚቀመጠውን ግን አናውቅም።

* * *

ከዓድዋ በኋላ የመጣው ወረቀት

ወረቀት አገር እንደሚያስር እኛ ኢትዮጵያውያን ከማንም በላይ ማወቅ ነበረብን። ግን የምናስታውሰው ግማሹን ታሪክ ብቻ ነው።

ውጫሌን ሁሉም ያውቃል። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመ ውል፣ አንቀጽ 17። የአማርኛው ቅጂ ንጉሡ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለመጻጻፍ ቢፈልጉ በጣሊያን በኩል ማድረግ «ይቻላቸዋል» የሚል ሐሳብ ነበረው፤ የጣሊያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። ከአንዲት ግስ ጦርነት ወጣ። በየካቲት 1888 ዓድዋ ላይ ደም ፈሶ ተስተካከለ። እሰየው!

ከዚያስ? ከዚያ በኋላ የመጣውን ወረቀት ስንቶቻችን እናውቀዋለን? ዓድዋ ገና 12 ዓመት ሳይሞላው፣ በጥር 1900 ዓ.ም.፣ ክሎቡኮቭስኪ የተባለ የፈረንሳይ መልእክተኛ አዲስ አበባ ላይ የወዳጅነትና የንግድ ውል አስፈረመ። በዚያ ውል ከፈረንሳይ በሚገባ ዕቃ ላይ የሚጣለው ቀረጥ በጥቅሉ ከ10 በመቶ እንዳያልፍ ታሰረ። የፈረንሳይ ዜጎች የተከሰሱበት ጉዳይም በእኛ ሕግ ሳይሆን በአገራቸው ሕግ እንዲታይ፣ ቆንስላቸውም በፍርዱ እጁን እንዲያስገባ ተፈቀደ። ሌሎቹ መንግሥታትስ ዝም አሉ? «ለፈረንሳይ የተሰጠው ለእኛም ይገባናል» አሉ። ለአንዱ የተሰጠው ለሁሉም ሆነ። መንግሥት ገቢውን ሊያሳድግ፣ ቀረጥ ሊጨምር ባሰበ ጊዜ ያ ውል ፊቱ ላይ ይመዘዝ ነበር። እስከ ጣሊያን ወረራ ድረስ እንደ እሾህ እግር ውስጥ ቆየ።

ምኒልክ ሞኝ ነበሩ? በፍጹም። ባቡሩ ድሬዳዋ ደርሶ ቆሟል፤ ኩባንያው ከስሯል፤ ንጉሡ ታመዋል፤ ባቡሩን ወደ አዲስ አበባ የሚያመጣ አዲስ ስምምነት ያስፈልጋል። የተቸገረ ሰው ሲፈርም እጁ ይፈጥናል። በጦር ያልተወሰደው በብዕር የተወሰደው እንዲህ ነው። ለዓድዋ በዓል እንዘፍናለን፤ ለክሎቡኮቭስኪ ግን አንዲት የመታሰቢያ ቀን እንኳ የለንም። ብትኖረን ኖሮ ዛሬ ተደራዳሪዎቻችን በዚያች ቀን ሱፋቸውን አውልቀው ቢጾሙ ጥሩ ነበር።

* * *

መክፈት ሌላ፣ ማሰር ሌላ

አሁን ወደ ዋናው እንግባ። እባካችሁ ይህችን ክፍል አትዝለሏት።

የዓለም ንግድ ድርጅት ውስጥ መግባት የክለብ ፎርም እንደ መሙላት አይደለም። በመሥራችነት የገቡት አገሮች በቀላሉ ገቡ። በኋላ የሚመጣ ግን በማቋቋሚያው ስምምነት አንቀጽ 12 መሠረት ከነባሮቹ ጋር ተስማምቶ ነው የሚገባው። የስምምነቱ ዋጋ ስንት እንደሆነ አንቀጹ አይናገርም። ፍላጎት ያለው ማንኛውም አባል አገር «ከእኔ ጋር ለብቻ ተደራደር» ማለት ይችላል። ለአንዱ የተሰጠው ቅናሽ ደግሞ ለሁሉም ይሰጣል። የክሎቡኮቭስኪን ነገር አስታወሳችሁ? መርሁ ያው ነው፤ ልዩነቱ ዛሬ በሕግ የተደራጀ መሆኑና ለእኛም የሚሠራ መሆኑ ነው።

በመጨረሻ ሁለት ረጃጅም ሰንጠረዦች ይወጣሉ። አንዱ የዕቃ ነው፤ እያንዳንዱ ዕቃ ቀረጡ ከስንት በመቶ እንደማያልፍ ቃል ይገባበታል። ሌላው የአገልግሎት ነው፤ ባንክ፣ ቴሌኮም፣ ኢንሹራንስ፣ ንግድ ለውጭ ሰው እስከምን ድረስ እንደተከፈተ ይጻፍበታል።

ዛሬ በራሳችን አዋጅ ባንክ ከፍተናል። ይህ በራሱ ሊያከራክር ይችላል፤ ግን የራሳችን አዋጅ ነው። ነገ ገንዘቡ ሁሉ ለአስመጪና ለሪል እስቴት ሄዶ ገበሬው ብድር ቢያጣ ምክር ቤቱ ተሰብስቦ አዋጁን ያሻሽላል። በሰንጠረዡ ውስጥ ከታሰረ በኋላ ግን ልዝጋ፣ ላጥብብ ብትል ከተጎዱት አገሮች ጋር ተደራድረህ ካሳ መስጠት አለብህ። በር መክፈት አንድ ነገር ነው፤ የበሩን ማጠፊያ ነቅሎ ለጎረቤት ማስረከብ ሌላ ነገር ነው። የከፈቱትን መዝጋት ይቻላል። ያሰሩትን መፍታት ግን ያስከፍላል።

ሌላ ምሳሌ። በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ደገፋችሁም ተቃወማችሁም፣ የራሳችን ውሳኔ ነበር። በድርጅቱ ሕግ ደግሞ ዕቃን በቀረጥ መገደብ እንጂ ጨርሶ መከልከል በመርህ ደረጃ አይፈቀድም፤ የሚከለክል አገር በአካባቢ ጥበቃ ወይም በመሰል ምክንያት መሟገት ይኖርበታል። ይህ ክልከላ ድርድሩ ውስጥ ምን ደረሰበት? ለመኪና አስመጪው፣ ለጋራዥ ባለቤቱ፣ ኤሌክትሪክ መኪና በብድር ለገዛው ሰው ማን ነገረው?

መድኃኒትም አለ። ድርጅቱ በዝቅተኛ የዕድገት ደረጃ ላይ ላሉ አገሮች የአእምሯዊ ንብረት ስምምነቱን ተፈጻሚ እንዳያደርጉ የእፎይታ ጊዜ ሰጥቷል፤ በጥቅሉ እስከ ጁላይ 2034፣ ለመድኃኒት ፓተንት እስከ 2033 መጀመሪያ። ይህ ማለት ርካሽ መድኃኒት የማምረትና የማስገባት ነፃነት ማለት ነው። ካምቦዲያ ግን በ2004 ስትገባ ለመሰሎቿ የተሰጠውን ረጅም እፎይታ ትታ በ2007 እተገብራለሁ ብላ ፈርማ ገባች። መብቱ ወረቀት ላይ ነበር፤ በር ላይ ጥላው ገባች። የእኛዎቹስ ይህን መብት ይዘው ነው የሚገቡት ወይስ በር ላይ ጥለው?

ፍትሐዊ ልሁንና መልካሙንም ልናገር። እ.ኤ.አ. በ2012 ድርጅቱ ለእንደኛ ዓይነት አገሮች መነሻ ልክ አውጥቷል፤ የእርሻ ምርት ቀረጥ ጣሪያ በአማካይ 50 በመቶ፣ የሌላው ዕቃ በአማካይ 35 በመቶ። የእኛ የጉምሩክ ታሪፍ ከፍተኛው 35 በመቶ ነው። ይህ ማለት በብልሃት የተደራደረ ሰው ነገ ፋብሪካችንን ለመጠበቅ የሚያስችል ሰፊ ቦታ አስጠብቆ መግባት ይችላል። ስለዚህ «መግባት ማለት ማለቅ ነው» የሚለው ውሸት ነው። እውነቱ «እንዴት ተደራድረህ ገባህ?» የሚለው ነው። እሱን ነው የምንጠይቀው። ጠያቂውም ባለ ርስቱ ነው።

* * *

ጤፋችንና አዋቂ ተደራዳሪ

ሳይነገረን ሲፈረም ምን እንደሚሆን በጤፍ አይተናል። እ.ኤ.አ. በ2005 አገራችን ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር ጤፍን አብሮ ለመጠቀምና ጥቅሙን ለመካፈል ውል ፈረመች። በወቅቱ ለዓለም ምሳሌ ይሆናል ተብሎ ተጨብጭቦለታል። ኩባንያው በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ አውሮፓ ውስጥ ፓተንት ያዘ። በ2009 ከሰረ። ፓተንቱ ወደ ሌላ ኩባንያ ተሻገረ፤ ውሉ ግን አልተሻገረም። እኛ ባዶ እጃችንን ቀረን። በ2018 የሆላንድ ፍርድ ቤት ፓተንቱን ሰረዘው። ማን ከስሶ? እኛ? አይደለም። ሁለት የሆላንድ ኩባንያዎች እርስ በርሳቸው ሲካሰሱ ነው የተሰረዘው። እናቶቻችን ለሺህ ዓመታት የጋገሩት እንጀራ ከባዕድ ባለቤትነት የዳነው በሰው ጠብ መሃል ነው።

ግን ሌላም ምሳሌ አለን፤ የሚያኮራ። ነፍሳቸውን ይማርና ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር የአፍሪካን ተደራዳሪዎች መርተው፣ የታዳጊ አገሮችን ኅብረት አስተባብረው ከኃያላኑ ጋር በካርታኼናው የሥነ ሕይወት ደኅንነት ፕሮቶኮል ላይ ተሟግተዋል። ፕሮቶኮሉ በ2000 ሞንትሪያል ላይ ሲጸድቅ፣ ልውጥ ዘር ወደ አገሬ አይግባ ብሎ መወሰን የአገሮች መብት መሆኑ ተረጋገጠ። ዶክተሩ ጠመንጃ አልያዙም፤ ዶላርም አልነበራቸውም። የያዙት እውቀትና ጓደኛ አገሮችን ነበር። ትንሽ አገር ድርድር ላይ ትልቅ የምትሆነው እንዲህ ነው።

ቡናችንም ምስክር ነው። ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ በ2005 ስናመለክት የአገሩ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ። በኋላ ነገሩ አደባባይ ወጣ፤ የዓለም ሕዝብ ሰማ፤ ከትልቁ ቡና ሻጭ ከስታርባክስ ጋር በ2007 ስምምነት ተደረሰ። ልብ በሉ፦ ያ ጉዳይ የተሳካው ምስጢር ስለነበር አይደለም። ሰው ሁሉ ስላወቀው ነው!

* * *

«ድርድር ምስጢር ነው» ለሚሉን

አሁን የሚመጣውን መልስ አውቀዋለሁ። «ድርድር ካርታ ጨዋታ ነው፣ ካርታህን አታሳይም» ይሉናል።

እሺ፣ ካርታችንን ለማን ነው የማናሳየው? የእኛ የታሪፍና የአገልግሎት ዝርዝር ጄኔቫ ላይ በሥራ ቡድኑ አባላት እጅ አለ። የአሜሪካ ተደራዳሪ ያውቀዋል። የአውሮፓ ኅብረት ያውቀዋል። የጃፓን ያውቀዋል። የማያውቁት የመርካቶ ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ፣ የአርሲ ስንዴ ገበሬ፣ የኮምቦልቻ ፋብሪካ ሠራተኛ፣ የመድኃኒት አስመጪና የምክር ቤት አባሉ ናቸው። ምስጢሩ ከባዕድ አልተሰወረም፤ የተሰወረው ከባለቤቱ ነው። ይህ የካርታ ጨዋታ ከሆነ ካርታውን ተጋጣሚው ሁሉ አይቶት፣ ገንዘቡን ያስያዘው ሰው ብቻ ዓይኑ ተሸፍኗል።

ደግሞስ ሌሎቹ እንዴት ያደርጋሉ? አሜሪካ ከ1974 ጀምሮ በሕግ የተቋቋሙ አማካሪ ኮሚቴዎች አሏት፤ የኢንዱስትሪ፣ የገበሬና የሠራተኛ ተወካዮች ተቀምጠው የድርድር ሐሳቦችን ያያሉ። የአውሮፓ ኮሚሽን ከአሜሪካ ጋር ሲደራደር ሕዝብ ሲጮህበት በ2015 መጀመሪያ የራሱን የድርድር ሐሳቦች አውጥቶ ለጠፈ። በ2016 ደግሞ ቤልጅየም ውስጥ ያለችው የዋሎኒያ ክልል ምክር ቤት የአውሮፓንና የካናዳን ግዙፍ ስምምነት «አላምንበትም» ብሎ ለቀናት አስቆመው፤ የሚፈልገው ማብራሪያ በጽሑፍ ሲጨመርለት ነው የለቀቀው። የዋሎኒያ ሕዝብ አራት ሚሊዮን አይሞላም። እኛ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ነን፤ አንዲት ገጽ አላየንም።

«ጊዜ የለም፣ ባቡሩ ያመልጠናል» የሚሉም አሉ። ሃያ ምናምን ዓመት የጠበቀ ባቡር ለሦስት ወር ውይይት አይሄድም። ቫኑዋቱ የምትባል ትንሽዬ የፓስፊክ የደሴቶች አገር፣ ሕዝቧ ጥቂት መቶ ሺህ ብቻ የሆነ፣ በ2001 ድርድሯን ጨርሳ ልትገባ ስትል «ዋጋው በዛብኝ» ብላ በሩ ላይ ቆመች። በ2012 ገባች። አልሞተችም። ቫኑዋቱ «ቆይ» ማለት ከቻለች የዓድዋ ልጆች ምን ያስፈራናል?

«ተራው ሕዝብ አይገባውም» የሚለውን ግን መልስ አልሰጠውም። ቀረጥ ምን እንደሆነ ለመርካቶ ነጋዴ የሚያስተምር ባለሥልጣን ካለ ይምጣና እንየው።

* * *

የቋንቋው ነገር

አንዲት ነገር ልጨምር። የዓለም ንግድ ድርጅት የሥራ ቋንቋዎች ሦስት ናቸው፦ እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይኛና ስፓኒሽ። ስንፈርም ዋናው ጽሑፍ በእነዚያ ይሆናል። ውጫሌ ላይ ቢያንስ የአማርኛ ቅጂ ነበረን! ማጭበርበሩ የተያዘው የራሳችን ጽሑፍ ስለነበረን ነው። ዛሬ ገበሬው የሚያነበው፣ ዳኛው የሚጠቅሰው የአማርኛ፣ የአፋን ኦሮሞ፣ የትግርኛ፣ የሶማልኛ ትርጉም ከፊርማው በፊት ካልተዘጋጀ ከውጫሌ ዘመን ወደኋላ ሄደናል ማለት ነው።

ሕገ መንግሥቱ ደግሞ በእኛ በኩል ነው። አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል። አንቀጽ 43 መንግሥት የሚገባቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የማያቋርጥ ዕድገት መብታችንን የሚያስከብሩ እንዲሆኑ ያዛል። አንቀጽ 55 ስምምነት የማጽደቅ ሥልጣንን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይሰጣል። አንቀጽ 9 ደግሞ የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው ይላል። እንግዲህ ሕግ ሊሆን ያለ ነገር ነው! ተራ አዋጅ እንኳ ረቂቁ ለውይይት ይቀርባል። ይህ ግን በብዙ መቶ ገጽ ተጠርዞ መጨረሻ ላይ ይመጣና ምክር ቤቱ «እሺ» ወይም «እምቢ» እንዲል ብቻ ይጠየቃል። አንዲት መስመር ማሻሻል አይችልም። ያን ጊዜ «እምቢ» የሚል እጅ ስንት ይመስላችኋል?

* * *

የምንጠይቀው አራት ነገር ነው

1ኛ፦ የዕቃና የአገልግሎት ዝርዝሩ፣ የትኛው ዕቃ በስንት በመቶ፣ የትኛው ዘርፍ እስከምን ድረስ እንደሚታሰር፣ ከፊርማው በፊት ለሕዝብ ይውጣ። በአገራችን ቋንቋዎች።

2ኛ፦ የምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴ ተደራዳሪዎቹን በአደባባይ፣ በቴሌቪዥን ይጠይቅ። ገበሬ፣ ነጋዴ፣ የፋብሪካ ሠራተኛና ፋርማሲስት ቀርበው ይናገሩ።

3ኛ፦ በገዛ አዋጃችን የከፈትነውን ሁሉ አንሰር። ባንክና ቴሌኮም ገና ሙከራ ላይ ናቸው፤ ሙከራ አይታሰርም። የመድኃኒትና የዘር እፎይታችን በር ላይ አይጣል።

4ኛ፦ የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣናም በዚሁ ሚዛን ይታይ። ወንድም ነው ብለን ሳናነብ የፈረምነው ውልም ውል ነው። ያንንም ዝርዝር አሳዩን።

ይህ የተቃዋሚ ጥያቄ አይደለም፤ የደጋፊም አይደለም። ቤት ሲሸጥ ሚስት ትጠየቃለች፤ መሬት ሲከራይ ወራሽ ይጠራል። አገር ስትዋዋል ሕዝብ እንዴት አይጠየቅም? ለተደራዳሪዎቹም ቢሆን ይጠቅማቸዋል። ጄኔቫ ላይ ሲገፏቸው «ይህን ብፈርም አገሬ አያስገባኝም» ማለት የሚችል ሰው ከሁሉም የጠነከረ ተደራዳሪ ነው። ከኋላው ሕዝብ የሌለው ግን ብቻውን ይፈርማል፤ ለሃምሳ ዓመት የምንከፍለው እኛ ነን።

የእህቴ ልጅ አሁን በአንድ ምግብ ቤት እንጀራ ትጋግራለች። ባለፈው ደውላ «ጋሼ፣ የዓለም ንግድ ከገባን ፋብሪካው ይከፈታል ይላሉ፤ እውነት ነው?» አለችኝ። ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። እሷ ግን ያኔ አልተጠየቀችም፤ አሁንም አልተጠየቀችም። በመጀመሪያው ጊዜ የሌሎች ሕግ ነበርና ማንንም መጠየቅ አልቻለችም። አሁን ግን የሚፈርመው የራሷ መንግሥት ነው።

ስለዚህ በእሷ ስም እደግመዋለሁ፦ ከመፈረማችሁ በፊት ወረቀቱን አሳዩን!

የተስማማችሁም ያልተስማማችሁም ሐሳባችሁን ከታች አስፍሩ፤ ስድብ ብቻ አይሁን። የምክር ቤት አባል የሆነ ዘመድ ያላችሁ ደግሞ ይህችን ጽሑፍ ላኩለት።

ቸር እንሰንብት።